የእስትንፋስ መንገድ በይፋት ቁልቁለት

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማበር በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ገና ደብረ ሲናን ሳያልፍ ጆሮው ይደፈንበታል። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ከሩቅ የሚናገር ይመስለዋል፤ ምራቁን ሲውጥ ወይም ሲያዛጋ ግን በጆሮው ውስጥ አንዳች ነገር ጧ ይልና ድምፁ ሁሉ ይመለሳል። ይህ ነገር በዚያ መንገድ ለተመላለሰ ሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ ምክንያቱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከአፍንጫችን በስተኋላ፣ ከላንቃ በላይ፣ ወደ ጆሮ የሚሄድ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ዘወትር ተዘግቶ ይኖርና ስንውጥና ስናዛጋ ለቅጽበት ይከፈታል። በጣርማበር ያለው አየር ስስ ነው፤ በሮቢት ያለው ግን ከባድ ነው። መኪናው ቁልቁል በሮጠ መጠን በጆሮ ውስጥ ተዘግቶ የቀረው የደጋ አየር የውጭውን የቆላ አየር መመከት ያቅተውና የጆሮ ታምቡር ወደ ውስጥ ይገፋል። መተላለፊያው ሲከፈት የቆላው አየር ይገባል፤ ሰውየውም ይሰማል።

የጣርማበር በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል፤ ሸዋ ሮቢት ግን 1300 ሜትር ገደማ ነው። በመካከላቸው ያለው የመኪና መንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በቀድሞው ዘመንም ይህን ገደል የወጡና የወረዱ ሁሉ ልዩነቱን በገላቸው ያውቁት ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ፣ በ1833 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ መልክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ከታጁራ ተነሥቶ የአዳልን በረሃ አቋርጦ በይፋት በኩል ወደ አንኮበር ሲወጣ፣ በረሃውን ያሻገሩት ግመሎች ከገደሉ ሥር ቀሩ፤ ዕቃው ከዚያ ወዲያ በሰው ትከሻ ወጣ። ከጥንት ጀምሮ የነጋዴው ደንብ ይህ ነበር፤ ግመል እስከ ቆላው ድረስ፣ ከዚያ በላይ አህያ፣ በቅሎና ሰው።

ይህ ጸሐፊ ስለ ሰው መተንፈሻ ብልቶች ለመጻፍ ይህን ቁልቁለት የመረጠበት ሌላም ምክንያት አለው። በሰው ገላ ውስጥ ያሉት ብልቶች አብዛኞቹ ተሰውረው ይኖራሉ። ልብ የውጭውን ነፋስ አያውቀውም፤ ኵላሊትና ጉበትም እንዲሁ ናቸው። ሆድ በአፍ በኩል ወደ ውጭ የተከፈተ ቢሆንም ሰው የሚበላውን ይመርጣል፤ ጊዜውም ሲደርስ ይጾማል። ከትንፋሽ ግን የሚጾም የለም። ሳንባ በጎድን አጥንት ተከቦ ሳለ ደጃፉ ሌሊትና ቀን ክፍት የሆነ ብልት ነው። በአንድ አገር ላይ የሚያልፈው ነገር፣ ጢስም ይሁን ተስቦ፣ መርዝም ይሁን ብርድ፣ ሳይጠየቅ ይገባበታል። የሸዋን ደጋና የይፋትን ቆላ ታሪክ በነገሥታት ዜና መዋዕል እናነበዋለን፤ በዚህ ደጃፍ በኩል ያለፈውን ግን የጻፈው ጥቂት ነው።

አባቶቻችን በግእዝ ሳንባን ሳንቡእ ይሉታል። ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ፣ እስትንፋስ የምንላቸውም ቃላት ሁሉ ነፈሰ ከሚለው ከአንድ ግንድ የበቀሉ መሆናቸውን ቅኔ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። የቋንቋው ባለቤቶች በሰው ውስጥ የሚመላለሰውን ነገር በገደል ላይ ከሚነፍሰው ነፋስ ሳይለዩ በአንድ ግሥ ጠሩት፤ ሐኪሞች ኋላ በመሣሪያ የደረሱበት ነገር ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም።

መንገዱ ከአፍንጫ ይጀምራል። ሰው ዐርፎ በሚቀመጥበት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ከ12 እስከ 16 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል፤ በያንዳንዱም ትንፋሽ ግማሽ ሊትር የሚያህል አየር ያስገባል። አፍንጫ ይህን አየር ያሞቀዋል፤ ያረጥበዋል፤ አቧራውንም በጠጕርና በንፍጥ ይይዘዋል። ስለዚህ በጣርማበር ጉም ውስጥ የተሳበው ብርድም ሆነ በሮቢት ሜዳ በግንቦት የተሳበው ግለት ሳንባ ዘንድ የሚደርሰው ከገላችን ሙቀት ጋር ተስተካክሎ ነው። በአፉ የሚተነፍስ ይህን አገልግሎት ያጣል፤ አቀበት ስንወጣ ጉሮሯችን የሚደርቀውም በዚህ ነው።

ከአፍንጫ ቀጥሎ ጉሮሮ አለ፤ እዚያም ከላንቃው ጫፍ ተንጠልጥላ የምትታይ ትንሽ ሥጋ እንጥል ትባላለች። በዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ያስፈልጋል፤ በአገራችን በመተንፈሻ መንገድ ላይ ከተሠሩት ስሕተቶች ሁሉ እንደዚህች በብዙ ሕፃናት ላይ የተፈጸመ የለምና። በደጋም በቆላም ባለው ሕዝባችን ዘንድ ሕፃን ሲያስለው፣ ጡት አልይዝ ሲል ወይም ጉሮሮው ሲያብጥ እንጥሉ ወርዷል ይባላል። እንጥል እየረዘመች መጥታ ትንፋሹን ትዘጋለች፣ ፈንድታም ትገድለዋለች ተብሎ ስለሚታመን ቆራጭ ይጠራል፤ እርሱም በምላጭ ወይም በክር ይቆርጣታል። አንዳንዱ ቤተ ሰብ ሕፃኑ ሳይታመም አስቀድሞ ያስቆርጣል።

ይህን ልማድ ድንቍርና ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ነገር ግን አመጣጡን ማየት ይሻላል። እናት ልጇ ትንፋሽ አጥሮት ሲጨነቅ ታያለች፤ አፉን ከፍታ ብታየው ተንጠልጥሎ የሚታያት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱንም ትከሳለች። በእውነት ሕፃኑን የሚያንቀው ግን ከዚያ በታች፣ ዓይን በማይደርስበት ስፍራ ነው። ዘጊ አናዳ የተባለው በሽታ በጉሮሮና በማንቁርት ላይ የሞተ ሥጋ የሚመስል ልባስ ያነጥፋል፤ የሳንባ ምች ደግሞ ከሁሉ በታች ያለውን የሳንባ ክፍል በፈሳሽ ይሞላዋል። እንጥል የአየርን መንገድ አትዘጋም። እንዲያውም ሥራ አላት፤ ስንውጥ ከላንቃው ጋር ወደ ላይ ተነሥታ ምግብና መጠጥ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ ትረዳለች፤ ጉሮሮንም በምራቅ ታረጥባለች። የተቆረጠችበት ሕፃን ደም ሊፈሰውና ቍስሉ ሊመረቅዝበት ይችላል፤ ምላጩም መንጋጋ ቆልፍን ሊያስገባበት ይችላል። ኋላ የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበር የተባለው ብሔራዊ ኮሚቴ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ባደረገው አገር አቀፍ ጥናት ልማዱ እጅግ የተስፋፋ ሆኖ ተገኝቷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማድ ሰውን የሚጐዳውን ያስቀጣል። ይሁን እንጂ የንስሐ አባት ቃል ከዳኛና ከሐኪም ቃል ይልቅ በሚሰማበት ቤት ይህን ነገር ለመተው አንድ የንስሐ አባት ምን ያህል ሊረዳ እንደሚችል አንባቢው ራሱ ይገምተው።

ከጉሮሮ በታች መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በስተኋላ የምግብ ቧንቧ፣ በስተፊት ማንቁርትና የአየር ቧንቧ አሉ። ምግብ ሁልጊዜ በአየሩ በር ላይ ተሻግሮ የሚያልፍ ስለ ሆነ በማንቁርት አፍ ላይ ክዳን ተሠርቶለታል፤ ስንውጥ ማንቁርት ወደ ላይ ይነሣል፣ ክዳኑም ይጋረዳል። እየበላን ስንሥቅ ወይም ስንናገር ክዳኑ ይዘገይና ትን ይለናል። ትንታ የምንለው ሳንባ የማይገባውን ነገር አስወጥቶ ሲጥል የሚያሰማው ጩኸት ነው።

የማንቁርት ነገር ለካህናት ልዩ ጕዳይ አለው። በውስጡ ሁለት ቀጫጭን ጅማቶች ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል፤ ስንተነፍስ ይራራቃሉ፤ ስንናገርና ስናዜም ይቀራረቡና ከሳንባ የሚወጣው አየር ያንቀጠቅጣቸዋል። ድምፅ ማለት ይህ መንቀጥቀጥ ነው። መሪጌታ በአንድ ትንፋሽ ረጅሙን የዜማ ሐረግ የሚያደርሰው አየር ብዙ ስላስገባ ብቻ አይደለም፤ የጎድን ጡንቻዎችና በደረትና በሆድ መካከል እንደ ወለል የተነጠፈው ድያፍራም አየሩን ቀስ በቀስ እንዲለቁ ስላስለመዳቸው ነው። ተማሪው ገና በጀመረበት ዓመት በሐረጉ መካከል ትንፋሽ የሚያጥረው ሳንባው ጠቦ አይደለም፤ አየሩን በመጀመሪያው ፊደል ላይ ስለሚያባክነው ነው።

የፊደላችንም ታሪክ ከዚህ ስፍራ ጋር የተያያዘ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ አ፣ ዐ የተባሉት ፊደላት በጥንት ዘመን እያንዳንዳቸው የተለያየ የጉሮሮ ድምፅ ነበራቸው። ትግርኛ ሐንና ዐን እስከ ዛሬ ለይቶ ያሰማል፤ አማርኛ ግን ፊደሉን ጠብቆ ድምፁን ጣለው፤ ስለዚህ የዛሬ ጸሐፊ በዓይኑ የሚለየውን በጆሮው አይለየውም። በይፋት ቆላና በገደሉ ላይ የሚኖሩት አርጎቦች ቋንቋ ለአማርኛ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ አማርኛ በአ የሚጀምራቸውን አንዳንድ ቃላት አርጎብኛ በሀ ይጀምራቸዋል፤ ከደጋው አፍ የወደቀው የጉሮሮ ድምፅ ጥቂቱ በቆላው ቀርቶ ተገኘ ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ የተባሉት ናቸው። እነዚህ በሳንባ ትንፋሽ አይነገሩም። የማንቁርት ጅማቶች ጥብቅ ብለው ይዘጉና ማንቁርት ራሱ ወደ ላይ ተነሥቶ በአፍ ውስጥ ያለውን ጥቂት አየር ይጭነዋል፤ ፊደሉ የሚፈነዳው በዚያ ነው። አንባቢው ትንፋሹን ይዞ ጠን ቢሞክር ሳንባው ሳያግዘው ድምፁ ሲፈነዳ ይሰማል፤ ሰን ቢሞክር ግን አይሆንለትም። የውጭ ሰዎች ቋንቋችንን ሲማሩ የሚቸገሩት ብዙ ጊዜ በእነዚህ ነው፤ ሁሉን ፊደል ከሳንባ ሊያወጡ ይሞክራሉና።

ከማንቁርት በታች የአየር ቧንቧ አለ። ርዝመቱ ከአንድ ጋት ጥቂት ይበልጣል፤ እንዳይከደንም ከ16 እስከ 20 የሚሆኑ የልምልም አጥንት ቀለበቶች ይደግፉታል። ቀለበቶቹ ክብ አይደሉም፤ እንደ ፈረስ ጫማ በስተኋላ የተከፈቱ ናቸው፤ በዚያ በኩል የምግብ ቧንቧ ስላለ ጉርሻ ሲያልፍ ስፍራ ይለቅለታል። ቧንቧው ከልብ በላይ ለሁለት ይከፈልና አንዱ ወደ ቀኝ ሳንባ፣ አንዱ ወደ ግራ ይገባል። ቀኙ ሳንባ ሦስት ክፍል አለው፤ ግራው ለልብ ስፍራ ስለሚለቅ ሁለት ነው። የቀኙ ቅርንጫፍ ሰፊና ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ሕፃን ሽምብራ ወይም ባቄላ ወደ ትንፋሹ ሲስብ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በቀኙ ነው። የቧንቧው ግድግዳ በውስጥ በኩል በዓይን የማይታዩ ጠጕሮች አሉት፤ እነርሱም በነፋስ እንደሚወዛወዝ የጤፍ ማሳ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ላይ፣ እየተወዛወዙ አቧራን የያዘውን አክታ ወደ ጉሮሮ ይመልሱታል። የሳንባ ዋና መጥረጊያዎች ይህና ሳል ናቸው።

ይህ የውስጥ ልባስ ሲጠፋ ሰው ምን እንደሚሆን ከይፋት ቆላ በላይ ያለው የመንዝ ምድር ያውቃል። በጠላት ወረራ ዘመን፣ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በአበበ አረጋይ ሥር የነበሩ አርበኞች ከቍስለኞች፣ ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር ዘረት በተባለው ስፍራ ባለ ዋሻ ተጠግተው ነበር፤ ሕዝቡ ዛሬ አመጸኛ ዋሻ ይለዋል። የኢጣልያ ጦር ዋሻውን በጥይት ማስለቀቅ ስላቃተው የኬሚካል ጦር ክፍል አስመጥቶ ኢፔሪት የተባለውን መርዝና አርሴኒክ ያለበትን ጋዝ በዋሻው አፍ ተጠቀመ። ኢፔሪት ከአየር የከበደ ስለ ሆነ ወደ ጕድጓድ ይወርዳል፤ በተዘጋ ስፍራም ቶሎ አይበተንም። ወዲያው አያሳምምም፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ዓይንን ያሳብጣል፤ ቆዳን ይልጣል፤ የተሳበውም በማንቁርትና በአየር ቧንቧ ያለውን ልባስ ያቃጥለዋል። የሞተው ልባስ ተልጦ ቅርንጫፎቹን ይዘጋል፤ መጥረጊያውም ስለ ጠፋ ሳንባው ይመረቅዛል። በዋሻው ውስጥ ለነበረ ሰው ትንፋሹን ከመያዝ በቀር መከላከያ አልነበረውም፤ ትንፋሹን ደግሞ ማን ስንት ደቂቃ ይይዘዋል? በመጨረሻው እጃቸውን ከሰጡት ወንዶች ብዙዎቹ ተረሸኑ፤ በዚያ ስፍራ ያለቁት በመቶዎች የሚቈጠሩ ናቸው።

ኢጣልያ በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ውል ፈርማ በ1928 በአውሮፓ አቆጣጠር አጽድቃው ነበር። የዘረት ነገር ግን ለረጅም ዘመን በአገሩ ሰው አፍ ብቻ ቀርቶ፣ በ1998 ዓ.ም. ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣልያዊ የታሪክ ጸሐፊ ከገዛ አገሩ የጦር መዛግብት አውጥቶ ገለጠው። ከዚያም የጥንት ቅርስ ተመራማሪዎች ዋሻውን መርምረው ሰዎቹ ትተውት የሄዱትን ዕቃና የሙታኑን አጥንት መዝግበዋል። የአገሩ ሽማግሌዎች ሲናገሩት የኖሩትን ለማመን የጠላት ወረቀት መጠበቅ ማስፈለጉ ያሳዝናል።

ሰው በገዛ እጁ ስለሚያስገባው ጢስ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በሸዋ ሮቢት ሜዳ ትምባሆ ለፋብሪካ ሲመረት መኖሩ የታወቀ ነው፤ ጢሱም እነዚያን ጠጕሮች ቀስ በቀስ እንደሚያሽመደምድ፣ ኋላም ነቀርሳ እንደሚያመጣ ዛሬ የሚከራከርበት የለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን በብርቱ ቅጣት ከልክለው ነበር፤ ይህ የሆነው ስለ ሳንባ ታስቦ ሳይሆን ስለ ሃይማኖት ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ በሕዝብ መሰብሰቢያ ማጤስን የከለከለው ስለ ሳንባ ነው። የሁለቱ ምክንያት ቢለያይም የጢሱ መንገድ አንድ ነው።

ከሁለቱ ቅርንጫፎች በታች ሳንባ ተዘቅዝቆ እንደ ተተከለ ዛፍ ነው። ቅርንጫፉ እየተከፈለ 23 ጊዜ ያህል ይወርዳል፤ በመጨረሻው ላይ በቅጠል ፈንታ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ቍጥራቸው ከ300 እስከ 500 ሚሊዮን ይገመታል። ግድግዳቸው ከአንድ ሚሊሜትር ሺሕኛ ክፍል ይሳሳል፤ በውጭ በኩልም ደም በቀጫጭን ሥሮች ይከባቸዋል። ደሙ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሲያልፍ ኦክስጅን ይወስዳል፤ የተቃጠለውን አየር ይተዋል። ከአፍንጫ እስከዚህ የመጣነው ሁሉ ለዚህች ቅጽበት ነው።

ይህን ሰው ያወቀው በጥቂት በጥቂት ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ጋሌኖስ ደም ከልብ ቀኝ ወደ ልብ ግራ በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ቀዳዳዎች ያልፋል ብሎ ነበር፤ ከሺሕ ዓመት በላይም ታመነለት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1242 ግን በደማስቆ ተወልዶ በካይሮ ያከም የነበረው ኢብን አን-ነፊስ ግድግዳው ቀዳዳ እንደሌለው፣ ደም ወደ ግራው ልብ የሚደርሰው በሳንባ ውስጥ ዞሮ ከአየር ጋር ተገናኝቶ እንደ ሆነ ጻፈ። ያን ጊዜ በሸዋ ይኩኖ አምላክ ገና አልነገሠም ነበር፤ የወላስማ ሱልጣኖችም በይፋት የተነሡት በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ኋላ ከይፋት ወገን የሆኑ የእስላም ተማሪዎች በአል-አዝሀር የጀበርቲ ማደሪያ በተባለው ክፍል ሲማሩ፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጳጳሷን ከዚያው ከግብጽ ታስመጣ ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች ወደ ካይሮ የሚያዩበት ዘመን ነበርና። የኢብን አን-ነፊስ መጽሐፍ ግን ተረስቶ ኖሮ በ1924 በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ግብጻዊ ሐኪም በበርሊን ቤተ መጻሕፍት አገኘው። ትናንሽ ከረጢቶቹንና ቀጫጭን የደም ሥሮቹን በማጉያ መስተዋት አይቶ በ1661 የጻፈው ኢጣልያዊው ማልፒጊ ነው፤ የመረመረውም የጓጕንቸር ሳንባ ነበር።

ከረጢቶቹ ሲሞሉ የሚሆነውን የኢትዮጵያ ሰው በኅዳር 1911 ዓ.ም. አየው። እንፍሉዌንዛ ከባሕር ማዶ መጥቶ በአዲስ አበባ ብቻ አሥር ሺሕ የሚያህል ሕዝብ እንደ ጨረሰ ይገመታል፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንንም ታምመው ነበር። መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የዚያን ወራት መከራ በትዝታቸው ጽፈውታል። ተስቦው በመጀመሪያ የአየሩን ቧንቧ ጠጕሮች ይገድላል፤ ከዚያም ሌሎች ሕዋሳት ይከተሉና ከረጢቶቹን በፈሳሽ ይሞሉታል፤ ሕመምተኛው በደረቅ መሬት ላይ እንደ ሰጠመ ሰው ይሆናል። ሕዝቡ ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ እየሰበሰበ ሲያጤስ ይኖራል። ሐሳቡ አየሩን ለማንጻት ነው፤ በሽታው በትንፋሽ እንደሚገባ ሳይማር ማስተዋሉ መልካም ነበር፤ ጢሱ ግን ለደካማ ሳንባ አይበጅም።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ እንመለስ። አየር ክብደት እንዳለው ሰው የተረዳው በተራራ ነው፤ በ1648 በአውሮፓ አቆጣጠር የፈረንሳዩ ሊቅ የፓስካል የእኅቱ ባል በሜርኩሪ የተሠራ መለኪያ ይዞ ፑይ ደ ዶም ወደተባለ ተራራ ሲወጣ ሜርኩሪው ዝቅ እያለ ሄደ። በጣርማበር ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ይጫናል፤ በሸዋ ሮቢት ግን ከስድስት አምስቱን ያህል። የኦክስጅኑ ድርሻ በሁለቱም ስፍራ አንድ ሲሆን አየሩ ሁሉ ስለ ሳሳ በደጋ አንድ ትንፋሽ የሚይዘው ያንሳል። ከቆላ ድንገት የወጣ ሰው ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ይላል፤ ልቡም ይመታል። በአሜሪካ በአንዲስ ተራራ የሚኖሩ ሕዝቦች ይህን ጕድለት የሚከፍሉት ደማቸው ቀይ ሕዋሳትን በማብዛት ነው። የኛስ ደገኞች?

በ1960ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ሀሪሰን የተባለ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በሰሜን ተራራ የደባርቅን ደገኞች ከአዲ አርቃይ ቆለኞች ጋር መዝኖ የደገኞቹ ደረትና የሳንባ ይዞታ ሰፋ ያለ መሆኑን አገኘ። በ2002 በአውሮፓ አቆጣጠር ደግሞ ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ሊቅ ከኢትዮጵያውያንና ከሌሎች ጋር በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ የሚያስደንቅ ነገር ጻፈች። የሄሞግሎቢናቸው መጠን በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15 ግራም በዴሲሊትር፣ ደማቸው የያዘውም ኦክስጅን ከመቶ 95.3 ነበር፤ ይህም በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ያልራቀ ነው። የአንዲስ ሰው ደሙን አበዛ፤ የኛ ደገኛ ግን ሳያበዛ ኦክስጅኑን ያዘ። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት በባሌ ደጋ የሚኖሩትን ኦሮሞዎች ቢመረምሩ ሄሞግሎቢናቸው ከአማራ ደገኞች ከፍ ያለ ሆኖ አገኙት፤ ወደ ከፍተኛው ደጋ ከወጡ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ስለ ሆነ በዘመን ብዛት የሚሠራው ነገር ገና አልተፈጸመባቸውም ብለው ይገምታሉ።

ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው አበበ ቢቂላ ከደብረ ብርሃን አጠገብ ከመንዲዳ ወገን ጃቶ የተወለደ የዚሁ ደጋ ልጅ ነበር። 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። ሳንባ ብቻውን ሯጭ አያደርግም፤ አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ምስክር ነው፤ በየደጋው እረኛ ሁሉ አበበ አልሆነምና። ነገር ግን በስስ አየር ያደገው ሳንባ በሮማ ዝቅተኛ ምድር ከለመደው የበለጠ ኦክስጅን በየትንፋሹ ያገኝ ነበር። ከዘረት ዋሻ እስከዚያች ማታ 21 ዓመት ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል። ኦክስጅን በቆላ ከበዛ የደጋ ሰው ስለ ምን የይፋትን ቆላ ፈርቶ ኖረ? የቀድሞ ሰዎች ወደ ይፋት ወርደው ማደር ያስጨንቃቸው ነበር፤ አየሩ ክፉ ነው፣ ንዳድ ያሳድራል ይሉ ነበር። ይህን የሚሉት እነርሱ ብቻ አልነበሩም፤ ፈረንጆች ለወባ የሰጡት ማላርያ የሚለው ስም በኢጣልያ ቋንቋ ክፉ አየር ማለት ነው። ሳንባ በዚህ ጊዜ በሐሰት ተከሰሰ። ፈረንሳዊው ላቨራን በ1880 የወባን ሕዋስ በሰው ደም ውስጥ አየ፤ እንግሊዛዊው ሮስም በ1897 በአውሮፓ አቆጣጠር በሕንድ አገር በቢንቢ ሆድ ውስጥ አገኘው። በሽታው የሚገባው በቆዳ እንጂ በአፍንጫ አልነበረም፤ ደጋውን የጠበቀውም ብርዱ እንጂ የአየሩ ንጽሕና አልነበረም። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 መጀመሪያ ዝናቡና ሙቀቱ ሲበረታ ወባው ወደ ደጋው ጫፍ ወጥቶ መቶ ሃምሳ ሺሕ የሚያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። ቀድሞ ጀንበር ሳትጠልቅ አቀበቱን ለመያዝ የሚቸኵለው ደገኛ ግን በሮቢት ሜዳ በያንዳንዱ ትንፋሽ የሚስበው ኦክስጅን በጣርማበር ከሚጠብቀው በሩብ ያህል ይበልጥ ነበር፤ እርሱ አየሩን እየሸሸ ሲሮጥ ቢንቢዋ በረግረጉ ላይ ማታውን ትጠብቅ ነበር።